ድልድዩ ላይ የወንዙ ስም ይጻፍልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ያደግኩት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ስሙን ያወጣው ከከተማው በኩል ቆሞ ያየን ሰው መሆን አለበት። ለእኛማ ማዶ ከተማው ነበር። ቢሆንም «የዓባይ ማዶ ልጅ ነኝ» ስል ደስ ይለኛል።

አባቴም ዓባይ ይባላል። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፤ በአባት ስም ነው የምንጠራው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ግን ልጁን ሲያስመዘግብ ዓባይን የቤተሰብ ስም አደረገው። ልጅቷ ወንዙን አይታው አታውቅም፤ ደብተሯ ላይ ግን በየቀኑ ትጽፈዋለች።

እንደ ዓባይ ማዶ ሁሉ ስማቸው ከወንዝ ጋር የተያያዘ ቦታዎች ሌላም ጋ አሉ፤ በአዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ፣ መልካ ወረር አሉ። መልካ በአፋን ኦሮሞ የወንዝ መሻገሪያ ነው።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀበና ነው። በቀደም ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ቀበና! ግንፍሌ!» ሲል፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ተማሪ ሁለቱም ወንዞች መሆናቸውን ነገርኩት። «የምር ወንዝ አለ?» አለኝ። ወርደን ከድልድዩ ላይ አሳየሁት። ጥቁር ውሃ፣ ድንጋይ ላይ የተጠመጠመ ፌስታል። አፈርኩ።

እባካችሁ፣ የሚመለከተው ክፍል በየድልድዩ የወንዙን ስም በትልቁ እንዲጽፍ ጋዜጣችሁ ያሳስብልን። ከግንፍሌ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ከቀበና ነዋሪ