ብርድ አይደለም፣ ማጎንበስ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከደሴ ነው የምጽፈው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የጤና ገጻችሁ አያመልጠኝም፤ ግን ሰውነት ስለማጠንከር በጻፋችሁ ቁጥር ጂም ይገባል፣ ብረት ይነሳል። ጠዋት ማሽን ላይ አጎንብሰን ማታ ቀና የምንለውስ?

እኛ ጋ አንገት ሲይዝ ሁሉም ሰው «ብርድ መቶህ ነው» ይላል። የጦሳ ተራራ ብርድ ደግሞ የሚታወቅ ነው፣ ማን ይጠራጠራል? እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ማጅራቴን በጋቢ ጠቅልዬ፣ በቅባት እየታሸሁ ከረምኩ። አንድ ቀን ፀጉሬን የቆረጠኝ ልጅ ሲጨርስ አንገቴን ያዝ አድርጎ ቀጭ አደረገው። ለጊዜው ቀለል አለኝ። በሦስተኛው ቀን መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ዝቅ ማለት አቃተኝና ሐኪም ቤት ሄድኩ። እባካችሁ አንገታችሁን ለማንም አታስጠምዝዙ።

ፊዚዮቴራፒ (በሰውነት እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) የምትሠራው ልጅ በደንብ አስረዳችኝ። ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ስንል 7ቱ የአንገት አጥንቶች ይሸከሙታል፣ ስናጎነብስ ግን ከኋላ ያለው ጡንቻ ነው ጎትቶ የሚይዘው። 5 ኪሎ ጤፍ ደረት ላይ አቅፎ መቆምና እጅን ዘርግቶ መያዝ አንድ ነው እንዴ?

ያሳየችኝን እዚያው ወንበሬ ላይ እሠራዋለሁ። መዳፌን ግንባሬ ላይ አድርጌ በጭንቅላቴ እገፋለሁ፣ እጄ ይመልሳል፣ አንገቴ ንቅንቅ አይልም። እስከ 10 እቆጥራለሁ፣ ትንፋሼን ሳልይዝ። ከዚያ ከኋላ፣ ከዚያ በቀኝና በግራ፣ አምስት አምስት ጊዜ። ባለ በሌለ ኃይል አይደለም፣ በግማሹ ይበቃል። ለእኔ ግን ከሁሉም የጠቀመኝ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ወደ ታች አይደለም፣ ዓይን ፊት ለፊት እያየ ድርብ አገጭ እስኪወጣ ድረስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ፤ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሲሞከር ግን ወዲያው ይገባል። ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ፣ አሁን ጋቢዬን ለብርድ ብቻ ነው የምለብሰው።

ሕመም ከጨመረ ማቆም ነው። ክንድ ድረስ የሚደነዝዝ፣ እጁ የሚዝል፣ ወይም ወድቆ አንገቱን ያመመው ሰው ሳይታይ አይጀምር። አንገቱ ደርቆ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ያለበት ደግሞ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሰዓት እንኳን ሳያሳልፍ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ትሰፋለች። ባለፈው እሑድ መጥታ «አጎቴ፣ አንገቴን ብርድ መታኝ» አለችኝ። ገና 22 ዓመቷ ነው! እንቅስቃሴውን ከነሥዕሉ አውጡልን። ቆርጬ ከማሽኔ በላይ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ለእሷም ኮፒ አድርጌ እልክላታለሁ።

ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ