ጄኔራሎቹ ሲሄዱ ሕጎቹ ይቀራሉ

ክቡር አዘጋጅ፣

ከወታደራዊ አገዛዝ ስለመውጣት ሲነሳ ስለ ምርጫ ብዙ ተብሎ ስለ ሕጎቹ ጥቂት ብቻ መነገሩ ያሳስበኛል። በቺሊ ወታደራዊውን አገዛዝ ይመሩ የነበሩት ጄኔራል ፒኖቼ እ.ኤ.አ. በ1990 ከፕሬዚዳንትነት ቢወርዱም፣ በ1980 የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝብ ያልመረጣቸውን ሴናተሮች በምክር ቤቱ አስቀምጦ፣ ፕሬዚዳንቱም የጦር አዛዦችን በራሱ ሥልጣን እንዳይሽር አግዶ ስለነበር፣ እነዚህ አንቀጾች የተነሱት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ2005 ነው። ፒኖቼ ራሳቸው እስከ 1998 የጦር ሠራዊቱ አዛዥ ነበሩ፤ ከዚያም የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነው ገቡ።

ከሁሉ የከፋው የ1978ቱ የምሕረት ድንጋጌ ነበር። ከመስከረም 1973 እስከ መጋቢት 1978 የተፈጸሙ ወንጀሎችን ስለሚሸፍን፣ ልጇ ከቤት ተወስዶ የቀረባት እናት መዝገቧ ይዘጋባት ነበር። ይሁንና ቆየት ብሎ አንዳንድ ዳኞች፣ እስካሁን የደረሰበት ያልታወቀ ሰው ጠለፋው እንደቀጠለ ይቆጠራል፣ ያላለቀ ወንጀል ደግሞ ምሕረት ሊደረግለት አይችልም ብለው ወሰኑ። እኔ ይህን ትርጉም እጅግ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ፍትሕ በዳኛ ድፍረት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም፤ እንዲህ ያሉ ድንጋጌዎችን በግልጽ መሻር አዲስ የተመረጠ ምክር ቤት የመጀመሪያ ሥራው ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ