የአቪዬሽን ክበብ ዘገባ፦ አዘዞ ላይ ማረፍ ባይቻል ወዴት?

የትምህርት ቤታችን የአቪዬሽን ክበብ በ2017 የትምህርት ዘመን አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አውሮፕላን ደመናው ወርዶ ጎንደር፣ አዘዞ በሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ማረፍ ቢያቅተው ወዴት ይሄዳል? ለዚያስ ከቦሌ ሲነሳ ስንት ኪሎ ነዳጅ መያዝ ነበረበት? የሞዴል አውሮፕላን ሥራው እንደ ወትሮው በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስለተጠናቀቀ እዚህ አላነሳውም።

ሥራው የተጀመረው በፊዚክስ ቤተ ሙከራው ሚዛን ነው። የነዳጅ መኪናው ቆጣሪ የሚያሳየው ሊትር ነው፤ አብራሪው የሚያስበው ግን በኪሎ ነው። ተማሪዎቹ በሃይላንድ ጠርሙስ አንድ ሊትር ላምባ ለክተው መዘኑ፤ የባዶው ጠርሙስ ክብደት ሲቀነስ 800 ግራም ገደማ ሆነ። ላምባ የተመረጠው የጄት ነዳጁ ጄት ኤ-1 የእሱው ዘር ስለሆነ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን፣ እሳት በሌለበት፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆሙት። ላምባው አንገቱ ላይ ከተደረገው ምልክት ከፍ አለ፤ ሚዛኑ ላይ ሲመለስ ግን ክብደቱ ያው ነበር። ሞተሩን የሚያሠራው ደግሞ ክብደቱ እንጂ ስፋቱ አይደለም። ይህን በዓይናቸው ያዩ ልጆች ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሊትርና ኪሎ አልደባለቁም።

መደባለቅ የሚያስከትለውን ለማየት ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. የሆነውን በሰሌዳ ላይ ሠርተነዋል። አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 በ41000 ጫማ ከፍታ ላይ ነዳጁ አልቆ፣ ያለ ሞተር ተንሳፍፎ ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አረፈ። የሞተ ሰው የለም። ለጉዞው 22300 ኪሎ ያስፈልግ ነበር፤ በታንከሩ ውስጥ 7682 ሊትር ነበር። ይህ በ1.77 ሲባዛ 13597 ይመጣል። የጎደለው 8703 እንደገና ለ1.77 ሲካፈል 4916 ሊትር ይሆናል፤ የተቀዳውም ይኸው ነው። ግን 1.77 የአንድ ሊትር ክብደት በፓውንድ ነው። በኪሎ 0.803 ቢይዙ ኖሮ መቀዳት የነበረበት 20088 ሊትር ነው። ተማሪዎቹ ስህተቱን ፈልጉ ሲባሉ ማባዛቱንና ማካፈሉን ደጋግመው አረጋገጡ፤ አንድም ግድፈት የለበትም። የሳተው መለኪያው ብቻ ነበር። ስለዚህ በክበባችን ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያው ያልተጻፈበት ወረቀት አይታረምም።

ዋናው ሥራ የነዳጅ ሠንጠረዡ ነው። ለልምምድ የያዝነው በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀውን ባለ ሁለት ሞተር ዳሽ 8 ኪው 400 ሲሆን፣ ስሌቱ እንዲቀል በጉዞ በሰዓት 1000 ኪሎ፣ እየዞረ ሲጠብቅ 800 ኪሎ ይበላል ብለናል። እውነተኛው ቁጥር ከአውሮፕላኑ መመሪያ፣ ከዕለቱ ክብደትና ከነፋሱ ይወሰዳል። መሬት ላይ ለመንቀሳቀስ 50 ኪሎ፣ ለ50 ደቂቃ ጉዞ 830 ኪሎ። ላልታሰበ ነገር የሚያዘው ከጉዞው ነዳጅ 5 በመቶ ወይም የ5 ደቂቃ መጠበቂያ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። 5 በመቶው 42፣ የ5 ደቂቃው 67 ስለሆነ 67 ተያዘ። ጎንደር ላይ ለማረፍ ሞክሮ፣ ተመልሶ ከፍ ብሎ ባሕር ዳር ለመድረስ የ20 ደቂቃ 330። በመጨረሻም ለጄትና እንደ ኪው 400 ላለ ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን በጄት ዓይነት ሞተር ለሚያዞር) አውሮፕላን ዓለም አቀፉ ደንብ የሚያስገድደው የ30 ደቂቃ የመጨረሻ መጠባበቂያ፣ 400። ድምሩ 1677 ኪሎ።

ብዙዎቹ የተሳሳቱት እዚህች 400 ላይ ነው። «ደመናው እስኪገፈፍ በእሷ እንጠብቃለን» አሉ። አይቻልም። አውሮፕላኑ የትም ይረፍ የት፣ ጎማው መሬት ሲነካ 400ው በታንከሩ ውስጥ መገኘት አለበት። እንግዲያው ጎንደር ሰማይ ላይ ለመጠበቅ ያለው 67 ኪሎ ነው፤ 5 ደቂቃ ብቻ። ከዚያ በኋላ የቀረው 330 እና 400፣ ማለትም 730 ኪሎ ነው። የነዳጅ መለኪያው መርፌ 730ን ሲነካ ወይ ጎንደር ላይ ማረፉ የተረጋገጠ መሆን አለበት፣ ወይ አፍንጫው ወደ ባሕር ዳር መዞር አለበት። ልጆቹ «የቁርጥ ቁጥር» አሉት። ይህ ቁጥር ከመነሳት በፊት፣ ልብ ባልደነገጠበት ሰዓት ነው የሚጻፈው፤ ጎንደር ከታች እየታየች በደመና ቀዳዳ ብቅ ጥልቅ ስትል የሚወሰን ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ባሕር ዳር ትክክለኛ ምርጫ ነው ወይ የሚል ነው። በካርታው ላይ አዘዞ መርፌ ሰክተን ክር ስንዘረጋ በቀጥታ መስመር ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ላሊበላ 180፣ አክሱም 230፣ መቀሌ 250፣ አዲስ አበባ 420 ገደማ ሆኑ። ቅርቡ ባሕር ዳር ነው። ነገር ግን ጎንደርና ባሕር ዳር ሁለቱም በጣና ሰሜንና ደቡብ የተቀመጡ ናቸው፤ በክረምት አንዱን የጋረደው ደመናና ነጎድጓድ ሌላውንም ሊይዘው ይችላል። ተለዋጭ ማረፊያ ማለት ደግሞ ዋናው ሲዘጋ ክፍት የሚሆን ማለት ነው። ትንበያው ሁለቱንም አጠራጣሪ ካደረጋቸው እኔ የምደግፈው ወደ ተነሱበት መመለስን ነው፤ በ330ው ፋንታ 830 ይያዛል፣ ድምሩ 2177 ይሆናል።

ያ 500 ኪሎ ጭማሪ ግን ሁለት ጊዜ አይበላም። ባሕር ዳር ክፍት ከሆነ ጎንደር ላይ 42 ደቂቃ ለመጠበቅ ያስችላል። ባሕር ዳር ከተዘጋ ግን የሚጠበቀው ያው 5 ደቂቃ ነው፤ የቁርጥ ቁጥሩም ከ730 ወደ 1230 ይወጣል። ከተማሪዎቹ አንዷ ሠንጠረዡን በሁለት ዓምድ ከፍላ «ወይ ጊዜ፣ ወይ መንገድ» ብላ ጻፈችበት። ከዚህ የተሻለ ርእስ አላገኘንለትም።

ታዲያ ታንከሩ ከ5 ቶን በላይ እየያዘ ለምን አይሞላም? ነዳጅ ራሱ ጭነት ነው፤ ለመሸከሙ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል፣ መንገደኛና ዕቃ ያስቀራል፣ የማረፊያ ክብደት ገደብም አለ። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ሊበር የሚችለው ርቀትና ዛሬ የሚበረው ርቀት ለየቅል ናቸው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ያነሳነው በዚህ ምክንያት ነው። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዳም አልሰሙትም። አውሮፕላኑ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ይህን ክፍለ ጊዜ ያለ ስሌት፣ በጸጥታ ነው የጨረስነው።

ትንሽ ማረፊያ ላይ ስለ ማረፍ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሙሉ አልበቃንም። አዘዞ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት በመሣሪያው ላይ እየተነበበ ጎማው መሬት የሚነካው 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ለመቆምም ከአንድ አምስተኛ በላይ ተጨማሪ መንገድ ይፈልጋል። የማኮብኮቢያው ርዝመት ቢበቃ እንኳ ወለሉ ክብደቱን ይችላል ወይ? ስፋቱ ዞሮ ለመመለስ ይበቃል ወይ? የእሳት አደጋ መኪናው አቅም ስንት ነው? ፀሐይ ከጠለቀች መብራት አለ? ነዳጅስ? ኪው 400 በሩ ራሱ መሰላል ሆኖ ይዘረጋል፤ ስለዚህ እሱ ብቻ የሚመላለስበት ማረፊያ ረጅም መሰላል ላይኖረው ይችላል። የትልቁ ጄት በር ግን ከመሬት ወደ 5 ሜትር ከፍ ይላል። መንገደኛው በሰላም አርፎ መውረጃ ያጣል። በአውሮፕላኑ ውስጥ እሳት ከተነሳ ይህ ሁሉ አይጠየቅም፤ ቅርብ ያለው ላይ ይታረፋል። ለደመና ከሆነ ግን ተመልሶ መውጣቱም አብሮ ይታሰባል።

የሬዲዮ ልምምዱን ከእንግሊዝኛ ክበብ ጋር ሠርተናል። ጥር 17 ቀን 1982 ዓ.ም. አንድ የአቪያንካ ቦይንግ 707 ወደ ኒው ዮርክ ሲበር በመንገዱ ላይ በተለያዩ ቦታዎች በድምሩ ከአንድ ሰዓት በላይ እየዞረ ከጠበቀ በኋላ ነዳጁ አልቆ ወድቋል፤ 73 ሰዎች ሞተዋል። አብራሪዎቹ ቅድሚያ ጠይቀው ነበር፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለውም ነበር፤ አደጋ ላይ ነን የሚለውን የታወቀውን ቃል ግን አልተናገሩም። ዛሬ ቃላቱ የተቆረጡ ናቸው። «ሚኒመም ፊውል» ማለት ከዚህ በላይ ብዘገይ መጠባበቂያዬን እነካለሁ ብሎ ማሳወቅ ነው፤ ቅድሚያ አያሰጥም። ከ400ው በታች ይዞ እንደሚያርፍ ካወቀ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል» ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ በይሉኝታ «እባክዎ» እያሉ ያለዝቡት ነበር። በግንቦት ግን ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይሉት ጀምረዋል።

ለቀጣዩ ዓመት አባላት የተላለፈው ሥራ ያው ሠንጠረዥ አንዱ ሞተር ቆሞ በቀረው ሲበር ነው፤ ከፍታው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ተራራው ግን ያው ነው። ካርታው በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ነው፤ መርፌው አዘዞ ላይ እንደተሰካ፣ ክሩም እንደታሰረበት አለ።