ለደንበኞቻችን፦ ራውተራችሁን ለምን እንዳነሣነውና ወርኃዊ ክፍያው ለምን እንደጨመረ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአንኮበርና በመሐል ሜዳ ለምትገኙ ውድ ደንበኞቻችን፤

እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ስልካችን ዕረፍት አላገኘም። ገሚሶቻችሁ «መስመር አለ ይላል፣ ግን ምንም አይከፍትም» አላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ «በገንዘባችን የገዛነውን ራውተር ነቅላችሁ፣ በዓይን ለማይታይ ነገር በየወሩ ታስከፍሉናላችሁ» አላችሁን። ለዚያ ጠዋት መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። የራውተሮቻችሁን ሥራ ደብረ ብርሃን ባለው ማዕከላችን ወደሚሠራ ሶፍትዌር ስላዛወርንበት ውሳኔ ግን ሰፋ አድርገን ልናስረዳችሁ ይገባል። ሁለተኛው ወቀሳ ዓመታት አብረውን ከዘለቁ ሰዎች ሲመጣ ከብዶናል።

በመጀመሪያ የዕቃው ጉዳይ። ያነሣናቸው ራውተሮች፣ ፋየርዎሎች (ያልተፈቀደ መረጃ እንዳያልፍ የሚያግዱት) እና የስልክ ማከፋፈያዎች ስማችሁ ተለጥፎባቸው መጋዘናችን ውስጥ ተቀምጠዋል። የርክክብ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሁሉ ይረከባል። ንብረቱ የእናንተ ነው፤ አንዱንም አልሸጥንም፣ የአንዱንም ዕቃ ፈትተን ለሌላ አላዋልንም።

ወደ ምክንያቱ እንምጣ። ራውተር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የመጣለትን መረጃ ማሳለፍ ነው፤ ሁለተኛው የትኛው በየት በኩል ይለፍ፣ የትኛውስ ይታገድ ብሎ መወሰን ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም በአንድ ሣጥን ታሽገው ከአንድ አምራች ይገዙ ነበር። አንዲት መመሪያ ለመለወጥ እያንዳንዱን ሣጥን ለየብቻ መነካካት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦፕንፍሎው የተባለውን አሠራር ይዘው መጡ፤ ማሳለፉ በየሣጥኑ ይቅር፣ ውሳኔው ግን ከሣጥኑ ወጥቶ በአንድ ማዕከል በሶፍትዌር ይሰጥ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቢቲ፣ ኦሬንጅና ቻይና ሞባይል ያሉበት 13 የቴሌኮም ኩባንያዎች ጀርመን ዳርምሽታት ላይ አንድ የጋራ ሰነድ አወጡ። የሰነዱ ፍሬ ነገር ፋየርዎሉም፣ ራውተሩም፣ የጥሪ ማስተናገጃውም ለየራሱ ውድ ሣጥን መሆኑ ቀርቶ በማንኛውም መደበኛ ሰርቨር፣ ማለትም ለብዙዎች አገልግሎት በሚሰጥ ኮምፒውተር፣ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ይሁን ነው። የጃፓኑ ራኩተን ሞባይል እ.ኤ.አ. በ2020 አገልግሎት ሲጀምር ኔትወርኩን ከመሠረቱ የገነባው በዚህ መንገድ ነው። የ5ጂ ማዕከላዊ ክፍልም ገና ደረጃው ሲወጣ ጀምሮ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሶፍትዌሮች ስብስብ ሆኖ ነው የተነደፈው።

እኛ መስመር አንሸጥም፤ መስመሩን የምታገኙት ከኦፕሬተሮቹ ነው። የእኛ ሥራ መስመሩ ግቢያችሁ ከገባ በኋላ ያለው ነው። ለውጡ ግን እኛም ዘንድ ደርሷል፤ አምራቾች ለአሮጌ ሣጥኖች የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ሲያቆሙ ክፍት ቀዳዳው የሚቀረው እናንተ ግድግዳ ላይ ነው።

አሁን በየቤታችሁ የቀረችው ትንሽ ሣጥን በ12 ቮልት ትሠራለች፤ ሦስት ገመድ ብቻ ነው ያላት፦ የኦፕሬተሩ መስመር፣ መስመሩን ለኮምፒውተሮቻችሁ ወደሚያከፋፍለው ስዊች የሚሄደውና መብራቱ። ፋየርዎላችሁ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ የሚያገናኘውና የውስጥ ስልካችሁ ደብረ ብርሃን ባሉት ሰርቨሮቻችን ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተለየ የራሱ ኮምፒውተር፣ አለው። የፋርማሲው ከሆቴሉ ጋር አይገናኝም፣ አይተያይምም። ሣጥኗና ማሽኑ የሚነጋገሩት በተመሰጠረ መሿለኪያ ውስጥ ነው፤ መረጃው ሌላ ሰው እንዳያነበው ተጠቅልሎ ይሄዳል ማለት ነው።

ጥቅሙን ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ያላችሁ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በክረምት መብረቅ አንድ ራውተር ሲያቃጥል ቴክኒሻን በጣርማበር ጭጋግ ወርዶ፣ አዲስ ሣጥን ገጥሞ፣ ማንም ያልጻፈውን አሮጌ ኮንፊግሬሽን (የሣጥኑን የአሠራር ቅንብር) ከትዝታ ሲገጣጥም ቀኑ ያልቃል። አሁን ሣጥኗ ብትቃጠል በመኪና የተላከችላችሁን ምትክ ራሳችሁ ትሰካላችሁ፤ መመሪያዋን ከማዕከል አውርዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ ትጀምራለች። ኮንፊግሬሽኑ ማታ ማታ ባክአፕ ስለሚደረግ (መጠባበቂያ ቅጂው ስለሚቀመጥ) ከሣጥን ጋር የሚቃጠል ነገር የለም።

«እናንተ ዘንድ መብራት ከጠፋስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ልትጠይቁ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ከማዕከል ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ ሣጥኗ የመጨረሻውን መመሪያ ይዛ ትቀጥላለች። ከካሸሩ ወደ ፕሪንተሩ፣ ከካሜራው ወደ መቅጃው የሚሄደው ከግቢያችሁ ስለማይወጣ አይነካም። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን በተመለከተ ግን ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ከ30 ሰከንድ በኋላ ሣጥኗ ቀላል ማጣሪያ ብቻ አድርጋ በቀጥታ ታስወጣለች፤ ሁለተኛው ማዕከሉ እስኪመለስ ድረስ ትዘጋለች። ሆቴሎችንና ካፌዎችን በመጀመሪያው፣ ክሊኒኮችንና የቁጠባ ማኅበራትን በሁለተኛው አድርገናል። የታካሚ መዝገብና የአባላት ሂሳብ ያለ ሙሉ ፋየርዎል ደጅ እንዲወጣ አንፈቅድም። ምርጫችሁን መቀየር ከፈለጋችሁ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይበቃል።

ሰርቨሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ የእናንተ ማሽን በሌላው ላይ ይነሣል። ሁለት ብቻ ሲሆኑ ግን አንድ አደጋ አለ። በመካከላቸው ያለው ገመድ ቢቋረጥ ሁለቱም «ሌላው ሞቷል፣ እኔ ልረከብ» ይላሉ፤ ያኔ አንድ ፋየርዎል በሁለት ቦታ ተነሥቶ አድራሻ ይጋጫል፣ መረጃም ይበላሻል። ስለዚህ ሌላ ሕንፃ ላይ፣ በሌላ የመብራት መስመር፣ ድምፅ ከመስጠት በቀር ምንም የማትሠራ ሦስተኛ ትንሽ ማሽን አቁመናል። ከሦስቱ የሁለቱን ድምፅ ያላገኘ ሰርቨር ራሱን ያቆማል። ይህችን ሦስተኛ ማሽን ለመቆጠብ ብለው የሚተዉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ አልተውናትም።

ወደ ሰኞው እንምጣ። በተለመደው ኔትወርክ አንድ ጥቅል መረጃ እስከ 1,500 ባይት ይይዛል። መሿለኪያው የራሱን መጠቅለያ ሲጨምርበት፣ ደብዳቤን ከነፖስታው ያንኑ በሚያህል ሌላ ፖስታ ውስጥ እንደመክተት ነው፤ ውስጠኛው ማነስ አለበት። ለመጠቅለያው 80 ባይት ስለምንተው ለውስጡ 1,420 ይቀራል። ከዚያ የሚበልጥ ጥቅል ሲመጣ «አሳንስና ላክ» የሚል ማሳወቂያ ወደ ላኪው መመለስ ነበረበት፤ በመንገድ ላይ ያሉ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ይህን ማሳወቂያ ይጥሉታል። ላኪው ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ጥቅል ደጋግሞ ይልካል፣ በር ላይ ይቀራል። ፒንግ (መስመር መኖሩን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ይመልስ የነበረው፣ የይለፍ ቃል ማስገቢያው ብቅ ብሎ ከዚያ ወዲያ ይደርቅ የነበረው ለዚህ ነው። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ አያልፍም።

በዚያው ቀን በሁሉም ሣጥኖች ላይ ንግግሩ ገና ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጥቅል ከ1,380 ባይት በላይ (ከ1,420ው የጥቅሉ አናት 40 ባይት ሲቀነስ) እንዳይላላኩ የሚያስገድድ መመሪያ ከማዕከል አወረድን። በሞባይል መስመር ለምትጠቀሙት፣ መንገዱ ይበልጥ ጠባብ ሊሆን ስለሚችል የመሿለኪያውን ልክ ወደ 1,280 ዝቅ አደረግነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ያላችሁ ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦ በፋይበር መስመር ላይ፣ እንዳይከፋፈል አድርጋችሁ፣ ወደ ማዕከሉ 1,392 ባይት ፒንግ ብትልኩ ያልፋል፤ 1,393 አያልፍም። 28 ባይት የፒንጉ የራሱ አናት ነውና ተደምሮ 1,420 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን፤ ያን ቀን አንድም ቴክኒሻን መኪና አላስነሣም።

ስለ ክፍያው። ሰርቨሮቹ ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስተናግዱበት ኬቪኤም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና አካል የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የመረጥነው በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ እናንተ ላይ እንዳይጫን ብለን ነው። ዲስክ፣ ሜሞሪና ባትሪ ግን በነፃ አይገኙም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን እናንተም በየሥራችሁ አይታችሁታል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር ከሚያስፈልገው እጥፍ ባትሪ መግዛት አለብን፤ ለጄነሬተሩም ናፍጣ አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሰርቨር ያቀዘቅዛል ብላችሁ እንዳታስቡ። ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ማራገቢያ ገጥመናል። በደረሰኛችሁ ላይ «የማዕከል አገልግሎት» የሚለው መስመር ይህ ሁሉና ሌሊት ተረኛ የሆነው ልጅ ደመወዝ ነው። በአንጻሩ አዲስ ራውተር፣ አዲስ ፋየርዎልና አዲስ የስልክ ማከፋፈያ በአሁኑ ዋጋ አስገዝተናችሁ ቢሆን ኖሮ ወጪውን በአንድ ጊዜ ከኪሳችሁ ታወጡት ነበር።

ከእናንተ ውስጥ ይህ ድርጅት አንድ መሰላልና አንድ የኬብል መቆንጠጫ ብቻ በነበረው ጊዜ ሥራ የሰጣችሁን አላችሁ። ያንን አልረሳንም። ወደ አሮጌው ሣጥን መመለስ የሚፈልግ ካለ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ያለ ክፍያ መልሰን እንገጥምለታለን። ከዚያ በኋላ ግን ከርቀት ልንጠግንለትም ሆነ ባክአፕ ልንይዝለት አንችልም፤ እያንዳንዱ ጥሪ የጉዞ ዋጋ ይኖረዋል። ከመወሰናችሁ በፊት ጥቂት ታገሱን ብለን እንለምናችኋለን።

እስከዚያው ድረስ ሦስት ነገር አደራ። ማታ ሱቅ ስትዘጉ ሣጥኗን ከሶኬት አትንቀሉ፤ ማሻሻያዋን የምታወርደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከኋላዋ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ አትጫኑ፤ ከማዕከል ጋር የምትተዋወቅበት ቁልፍ ይጠፋባታል፣ ወደ እኛ ካልመጣችም አይመለስም። የኮንፊግሬሽናችሁን ቅጂ በፍላሽ ለመውሰድ የምትፈልጉ ደግሞ የድርጅታችሁን ማኅተም ይዛችሁ በሥራ ሰዓት ኑ፤ ቅጂው የእናንተ ነው፣ ክፍያም የለውም።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን