ቀይ ሽንኩርቱ እስኪደርቅ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ ልብሽ እንዴት እንደሚቀበለኝ እንጃ። እማማ ሲያርፉ ደውዬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እንኳ አላልኩሽም። ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ሐፍረቱ ያዘኝ። ይቅር በዪኝ።

አሁን ብዕር ያስያዘኝ ሽንኩርት ነው። በዘይት ቀለም መሳል ጀምሬያለሁ። መስኮቱ ሥር ነጠላ አነጠፍኩና ሦስት ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ደረደርኩ። ነጭ ሽንኩርቱ ለካ ነጭ አይደለም! ብርሃን በሚመታው በኩል ወደ ቢጫ ያደላል፤ በጥላው በኩል ደግሞ የቃሪያው አረንጓዴ ይጋባበታል። ነጩን ቀለም ከቱቦው እንደወጣ ስቀባው ኖራ መሰለ። ፍቄ እንደገና ጀመርኩ።

ከቀይ ሽንኩርቶቹ አንዱ ላይ ልጣጩ ግማሹ ተላቆ ቆሟል። ብርሃን ከጀርባ ሲያልፍበት ፍም ይመስላል። እሱን ብቻ ስሠራ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እማማ በረንዳ ላይ ሆነው ሽንኩርት ሲልጡ፣ ልጣጩ ቀሚሳቸው ላይ ሲከመር ታየኝ። ብሩሼን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ቃሪያዎቹ በአራተኛው ቀን ተጨማደዱ። ሌላ ልግዛ አልኩና ተውኩት። እንደተጨማደዱ ሳልኳቸው።

ቀለሙ የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፣ በዚያው በምናውቀው ተልባ። እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ እያለ ይጠነክራል። ስለዚህ መጀመሪያ ተርፐንታይን በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ የቀጠነው ይቀባል፣ ዘይት የበዛበት ከላይ ይመጣል። ከተገላበጠ ላዩ ይሰነጠቃል።

አንቺ ፓሪስ ነሽና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ኦርሴ ሙዚየም ሄደሽ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድዋር ማኔ አስፓራገስ የሚባለውን አትክልት የሳለበትን ሥዕል እዪልኝ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ እስር አስፓራገስ ስሎ 800 ፍራንክ ጠየቀበት። ገዢው ሻርል ኤፍሩሲ 1,000 ላከለት። ማኔም አንዲት አስፓራገስ ለብቻዋ ስሎ «ከእስሩ አንዷ ጎድላ ነበር» ብሎ ሰደደለት። ኦርሴ ያለችው እሷ ናት። እንዴት ደስ የሚል ሰው ነው!

እኔም መዳፍ በምታህል ሸራ ላይ ያን ቀይ ሽንኩርት ለብቻው ሠርቼልሻለሁ። ገና እጅ ላይ ይለጥፋል። ሲደርቅ እልክልሻለሁ። አድራሻሽ ያው የድሮው ነው?

የአንቺው