ግልጽ ደብዳቤ ለሐዋሳ ከተማ ትምህርት መምሪያ፦ የመጋዘኑን ቁልፍ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ

ጉዳዩ፦ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ከመጋዘን ወጥተው ክፍል እንዲገቡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በዚችው ከተማ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ደብዳቤዬን በመዝገብ ቤት በኩል ላስገባ ነበር። ቁጥር ተሰጥቶት ፋይል ውስጥ ይተኛል ብዬ ስለፈራሁ በአደባባይ ጻፍኩት። አትቀየሙኝ።

ከዚህ በፊት ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የሰው አካል ሞዴል ነበረን። ልቡ፣ ሳንባው፣ ጉበቱ እየተፈታ የሚገጠም። እኔ ያየሁት በመስኮት ነው፤ መጋዘን ውስጥ፣ ላስቲኩ ሳይገፈፍ ቆሞ። ላወጣው ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ሞላሁ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ደግ ሰው ነው። ዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ ሞዴል 22 ላይ ከማስፈረሙ በፊት ጠጋ ብሎ መከረኝ። «መምህርዬ፣ ኩላሊቱ ቢጠፋ ካንተ ደመወዝ ላይ ነው የሚቆረጠው። ቢቀርብህስ?»

ቀረብኝ። ያን ቀን ልብን በጠመኔ ሳልኩ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ድንች ነው?» አለኝ። ከ40 ደቂቃው ግማሹ እኔ ስስል፣ እነሱ ሲገለብጡ አለቀ።

በሰውየው አልፈርድም። ሞዴሉ የተመዘገበው እንደ ካዝና በቋሚ ዕቃነት ነው። ቋሚ ዕቃ ደግሞ በቆጠራ ቀን መገኘት አለበት፤ በሌላው ቀን ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሌላ ጊዜ የዓሣን አተነፋፈስ የማስተምርበት ቀን ደረሰ። በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ አንድ ቆሮሶ በፌስታል ይዤ መጣሁ። (ለዓሣው ማንም አላስፈረመኝም።) ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩና የስንጥቡን፣ የሚተነፍስበትን ክፍል፣ ክዳን በመቀስ ቆረጥኩት። ውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ደማቅ ቀይ ነገር። «ለምን ቀላ?» አልኩ። ዝም። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ነው። «ደም ስለሚበዛበት ነው። ሲቆይ ይገረጣል። እኛ ትኩሱን የምንለየው በሱ ነው» አለ። ውሃው በዚያ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ወደ ደም እንደሚገባ ለማስረዳት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቃኝ። ማየት የተሳናት ተማሪዬም ስንጥቡን በጣቷ ዳሰሰችው። የጠመኔ ሥዕሌ ለሷ ምኗም አልነበረም።

ልጆቻችን እቤት ሲዳምኛም፣ ወላይትኛም፣ አማርኛም ይናገራሉ። ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚለው ቃል ግን ለሁሉም እኩል ባዳ ነው። አሁን የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን እቆርጣለሁ። በአፉ በኩል ፊኛ ወደ ውስጥ አንጠለጥላለሁ። የተቆረጠውን ሥር በሌላ ፊኛ እወጥረዋለሁ፤ ድያፍራሙ እሱ ነው። ይህንን ወደ ታች ስትስቡት በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቦታ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የውጭው አየር ገብቶ የላይኛውን ፊኛ ይነፋዋል። ስትለቁት ይሟሽሻል። ልጆቹ ደረታቸውን ይዘው መተንፈስ ይጀምራሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ትልልቅ ስክሪን ግዙልን እያልኩ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ተማሪ ነበርኩ። ሥዕሉ እንዴት ያምር ነበር! ግን በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ቁም ቢሉት አይቆምም፣ ድገም ቢሉት አይደግምም። ጽፈን ቀና ስንል አልፎናል። መብራት የሄደ ቀንማ ጥቁር መስታወት ነው። የኔ ጠርሙስ ቢያንስ ይጠብቃል። ያልገባው ልጅ መጥቶ ራሱ ይስበዋል።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። ቻርቱ፣ ሞዴሉ፣ የመስታወት ዕቃው እንደ ጠመኔው በአላቂ ዕቃነት ይያዝ። ካልተቻለም በማስተማር ላይ እያለ የተሰበረ ዕቃ ከመምህሩ ደመወዝ እንዳይቆረጥ አንድ ሰርኩላር አውጡልን። የንብረት ነገር የፋይናንስም ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተ ብትጠይቁ ግን ከእኔ ይልቅ ተሰሚነት አላችሁ። የትምህርት መርጃዎቹ የሚቀመጡበት የፔዳጎጂካል ማዕከል ቁልፍ በትምህርት ክፍሉ ተጠሪ እጅ ይሁን። ለፍሊፕ ቻርት፣ ለማርከር፣ ለፕላስተርና ለፊኛ የምትሆን ትንሽ በጀት በየሴሚስተሩ ብትኖር ደግሞ ከኪሳችን ማውጣቱ ይቀርልናል።

ሱፐርቫይዘሮቻችሁንም አንድ ነገር ንገሩልኝ። ሲመጡ «ስንት ሞዴል አላችሁ?» ይሉናል። እባካችሁ፣ ጠርዙ የተላጠውን፣ የጣት አሻራ ያለበትን ይፈልጉ። አዲስ እንደሆነ የቆየውን ሲያገኙ ደግሞ ለምን ብለው ይጠይቁን።

ከሠላምታ ጋር፣

አንድ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር፣ ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ቁልፉን ለያዘው ንብረት ክፍል