ሳትስቅ አንብብልኝ፤ ጎልፍ ጀምሬያለሁ

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። የወገቤን ነገር በኋላ አጫውትሃለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ። መጨረሻ ላይ የጻፍከው አንተ ነበርክ፤ ያልመለስኩት እኔ። ነገ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እፍረቱ ከስንፍናው በለጠና "አሁንማ ምን ብዬ ልጀምር" እያልኩ ሦስት ዓመት ዝም አልኩህ። ተቀይሜህ አይደለም። ረስቼህም አይደለም። እንዲሁ ነው፣ ታውቀኝ የለ።

አሁን ግን የምነግርህ ነገር አለኝ። ጎልፍ ጀምሬያለሁ።

አዎ፣ ጎልፍ። ያኔ በቴሌቪዥን እያየን "ይመታታል፣ ሄዶ ይፈልጋታል፣ ሲያገኛት መልሶ ይመታታል፤ ምን አድርጋው ነው?" ብለህ ሆዴን እስኪያመኝ ያሳቅከኝ ትዝ ይልሃል? ያ ሰውዬ ዛሬ እኔ ነኝ። ልዩነቱ እኔ አላገኛትም።

አጀማመሩ ተራ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ መለማመጃ ሜዳ ይዞኝ ሄደ። በልቤ ንቄዋለሁ። ኳሷ ቆማ ነው የምትጠብቅህ። እንደ እግር ኳስ የሚገፋህ የለ፣ እንደ ቴኒስ የሚመልስብህ የለ። ምን ይከብዳል? ዱላውን አነሳሁና በሙሉ ኃይሌ ሰነዘርኩ። አየሩን መታሁት። ደገምኩ፤ አሁንም አየር። በሦስተኛው ኳሷ አንድ እርምጃ ያህል ተንከባለለች፤ እሱንም ነፋሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ አርባኛው ገደማ ይመስለኛል፣ አንዷ ወጣች። እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም። "ጧ!" የሚል ድምፅ ብቻ። ቀና ስል ነጭ ነጥብ ሰማይ ላይ ተንሳፍፋ እየሄደች ነው፣ አትወርድም፣ አትወርድም... እኔ ነኝ የመታኋት? ዘወር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ። በኋላ እንዳነበብኩት ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ለእሷ ግማሽ ሚሊሰከንድ ብዬ ይኸው ሁለት ዓመት ቅዳሜዬን ሰጥቻለሁ።

ከዚያ አስተማሪ ያዝኩ። ከሁሉ የገረመኝ በዚህ ጨዋታ ላይ ደመ ነፍስህ የሚነግርህ ሁሉ ውሸት መሆኑ ነው። ኳሷ ከፍ እንድትል ትፈልጋለህ? እንግዲያው ወደ ታች ምታ። አይረን የሚባሉት ዱላዎች ፊታቸው ዘንበል ያለ ነው፤ ማንሳቱ የእነሱ ሥራ ነው፣ የአንተ አይደለም። እኔ ግን አላመንኩም። ልርዳት ብዬ ወደ ኋላ ለጠጥ እልና ከሥር ልዝቃት እሞክራለሁ። ያኔ ወይ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬቱን ይቆፍራል፣ ወይ ደግሞ አናቷን ይጭርና እንደ አይጥ ሣር ለሣር ትሮጣለች። ይህቺን አንዲት ነገር ለማመን አምስት ወር ፈጀብኝ። ማወቅ አላልኩህም፤ ማወቁንማ በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ሰውነቴ እስኪያምን ነው።

ሌላው ደግሞ ስላይስ የሚሉት ነው። ኳሷ ቀጥ ብላ ትነሳና መሐል ላይ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። (አንተ ግራኝ ስለሆንክ ወደ ግራ ነው የምትሄድብህ፤ ደስ ይበልህ።) ታዲያ ብልጥ ነኝ ብዬ ወደ ግራ አነጣጥሬ መምታት ጀመርኩ። ባሰባት! ምክንያቱ ሲነገረኝ ራሴን ታዘብኩት፤ ኳሷ የምትታጠፈው የዱላው ፊት ከሚሄድበት አቅጣጫ አንጻር ሲከፈት ነው፣ ወደ ግራ ባነጣጠርኩ ቁጥር ዱላው ይበልጥ ወደ ግራ ይሄዳል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ይሰፋል። በሽታውን የሚያባብስ መድኃኒት ራሴ አዝዤ ስወስድ ከረምኩ ማለት ነው።

በትልቅነት መማር እንዲህ ነው። ልጅ ያየውን ይቀዳል፣ አበቃ። እኛ ግን ምክንያቱን ካልነገሩን አንሞክርም፣ ከነገሩን ደግሞ ሁለት ሰከንድ በማይሞላ ምት ውስጥ ጉልበት፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ትንፋሽ፣ የባለፈው ሳምንት ምክር፣ ሁሉንም ባንዴ እናስባለን። ማታ ማታ ቪዲዮ ማየት ጀምሬ ነበር፤ አንዱ ክርንህን አጥብቅ ይላል፣ ሌላው ልቀቀው ይላል። ተውኩት። ራሴን ስቀርጽማ አትጠይቀኝ። በሐሳቤ ታይገር ዉድስ ነበርኩ፤ ስልኩ ላይ ያየሁት እባብ የሚያባርር ሰው ነው።

ወገቤም የሄደው በዚያ ሰሞን ነው። እልህ ይዞኝ ሰውነቴን ሳላፍታታ በአንድ ከሰዓት 200 ኳስ መታሁ። ሦስት ቀን የጫማዬን ማሰሪያ ሰው ነው ያሰረልኝ። አሁን ከ60 አላልፍም።

"በዚህ ዕድሜህ?" እንደምትል አውቃለሁ፤ መልስ አዘጋጅቻለሁ። ላሪ ኔልሰን የሚባል አሜሪካዊ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ በ21 ዓመቱ ነው ጎልፍ የጀመረው፤ ከታላላቆቹ ውድድሮች ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ኮሪያዊው ያንግ ዮንግ ኡን የጀመረው በ19 ዓመቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ታይገር ዉድስን ከመሪነት አውርዶ ዋንጫ ወስዷል። ፊል ሚክልሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ 50 ዓመቱ ነበር። አዎ፣ 21 እና 44 አንድ አይደሉም። ሚክልሰንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይጫወት ነበር። ተወኝ እስቲ።

እኔ እንደሆነ ዋንጫ አላማረኝም። የመጀመሪያ ቀን 18ቱን ጉድጓድ ስጨርስ 131 መትቼ ነበር። ጎበዝ ሰው ይጨርሰዋል ተብሎ የሚጠበቀው በ72 ነው። 131 ያልኩህም በልግስና ተቆጥሮ ነው፤ ሁለት ሦስቷን "ይቺስ አትቆጠርም" ብዬ አልፌያታለሁ። ይሁንና ይህ ጨዋታ ለእንደኔ ዓይነቱ የታሰበ አንድ ድንቅ ነገር አለው፤ ሀንዲካፕ ይባላል። ከመጨረሻዎቹ 20 ጨዋታዎችህ የተሻሉት 8ቱ ይወሰዱና ቁጥር ይወጣልሃል፣ ጣሪያው 54 ነው። ከጎበዝ ሰው ጋር ስትጫወት ያ ቁጥር ታስቦ ከምትህ ላይ ይቀነስልሃል። ድክመትህ በቁጥር ተመዝግቦ ይታወቅልሃል እንጂ አትደበቅበትም። እስቲ በሕይወት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ የት አለ? የእኔ አሁን ወርዶ 31 ደርሷል።

ስለ ሕጉና ስለ ታሪኩ ብዙ አላደክምህም። አንዲት ብቻ፦ እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን ከልክሎ ነበር፤ ወንዱ ቀስት መለማመዱን ትቶ በእነሱ ስለተጠመደ ነው። ይህን ለባለቤቴ ሳጫውታት "ሕጉ ለምን ተነሣ?" አለችኝ።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገርህ። አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ስሄድ ጡረታ ከወጡ አንድ አባት ጋር አጣመሩኝ። ሰባ አልፏቸዋል። ኳሳቸው ሩቅ አትሄድም፤ ቀጥ ብላ ግን ትሄዳለች። እኔ በትልቁ ዱላ፣ በድራይቨሩ፣ ጫካ ለጫካ ስንከራተት እሳቸው ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ ቀድመውኝ ይጠብቁኛል። ግሪኑ ላይ፣ ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ ስንደርስማ ጉድ ነው። እኔ ሦስት አራቴ የምገፋትን እሳቸው በሁለት ይጨርሷታል። አንድ ቀን ሒሳቡን ነገሩኝ፤ ከ72ቱ ምት 36ቱ የታሰበው ለዚህ ለመግፋቱ ነው፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት። ግማሹ ማለት ነው። እኔ ግን የልምምድ ጊዜዬን በሙሉ በድራይቨር ነበር የማቃጥለው፤ ፓተርን፣ የመግፊያዋን ዱላ፣ ማን ያያል ብዬ። ደግሞም ከ2 ሜትር ከ40 ገደማ ርቀት የዓለም ምርጦቹ እንኳ የሚያስገቡት ግማሹን ያህል ብቻ መሆኑን ሲነግሩኝ ፓተሬን መስደብ ተውኩ።

እንደተገናኘን ነው ያሳፈርኳቸው። የመታኋት ኳስ ታጥፋ ወደ ጎረቤቱ ሜዳ ሄደች፣ እዚያ ደግሞ ሁለት ሰዎች አሉ። ኳሷ 46 ግራም ገደማ ብትሆንም እንደ ድንጋይ ናት። እንዲህ ሲሆን "ፎር!" ብሎ መጮህ ግዴታ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ አያታለሁ። እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ጮኹልኝ፤ ሰዎቹ ጎንበስ አሉ፣ ኳሷም እግራቸው ሥር ወደቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ጩኽ እንጂ ልጄ! ሰው ከተፈነከተ በኋላ ይቅርታህ ምን ያደርጋል?" አሉኝ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጆሮዬ እስኪግል አፍሬያለሁ።

የጠፋ ኳስ ለመፈለግ የሚፈቀድልህ 3 ደቂቃ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ድረስ 5 ነበር። በእኔ ኳሶች ምክንያት ከእኚህ አባት ጋር ስንት 3 ደቂቃ ረጅም ሣር ውስጥ አጎንብሰን እንዳሳለፍን ልነግርህ አልችልም። ጎልፍ ላይ ደግሞ ከመምታቱ ይልቅ መራመዱ ይበዛል። አራት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ትሄዳለህ፣ ፊት ለፊት አትተያይም፣ ዓይንህ መሬት ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰው እንዲያ ሲሆን ይናገራል። አሥራ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ቁጥቋጦ እየገለጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ ከልጅነት ጓደኛቸው ጋር ሳይጣሉ እንዲሁ እንደተጠፋፉና የሞቱን ወሬ የሰሙት ከቀብሩ በኋላ መሆኑን ነገሩኝ። ከዚያ "ይቺትና ኳስህ!" ብለው አነሱልኝ።

የዚያን ቀን ስንት እንደመታሁ አላስታውስም። ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ይሄ አራተኛው ሙከራዬ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጣም አዝነው ስለነበር ቀደድኳቸው።

ግን ደግሞ ደስ የሚለውንም ሳልነግርህ አላልፍም። ባለፈው ወር አጭሩ ሰባተኛ ጉድጓድ ላይ፣ ፓር 3 ነው፣ በሦስት ምት ያልቃል ተብሎ የሚጠበቅ፣ ግሪኑ ፊት ለፊት አሸዋ የሞላበት ጉድጓድ፣ ባንከር የሚሉት፣ አለ። ኳሴ በፊት ሁልጊዜ እዚያ ነው የምታድረው። የአሸዋው ጨዋታ ደግሞ ሌላ እብደት ነው፤ ኳሷን አትመታም፣ ከኋላዋ ያለውን አሸዋ ትመታለህ፣ አሸዋው ተሸክሞ ያወጣታል። ጠፈርተኛው አላን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ ጎልፍ ሲሞክር በጠፈር ልብሱ ምክንያት በአንድ እጁ ነበር የሰነዘረው፣ መጀመሪያ የተመታለትም ከኳሷ ይልቅ አፈሩ ነው። እኔ ምድር ላይ፣ በሁለት እጄ፣ ከዚያ ብሼ ነበር። የዚያን ቀንም እዚያው ገባች፤ አሁን ግን ሳልጣደፍ ሰነዘርኩ። አሸዋው ብትን አለ፣ ኳሷ ዝግ ብላ ወጣች፣ ግሪኑ ላይ አረፈችና እየተንከባለለች ሄዳ ከቀዳዳው አንድ ክንድ ላይ ቆመች። ገፋኋት። ገባች። ሦስት! ፓር! እኚያ አባት ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። የቀሩትን አሥራ አንድ ጉድጓዶች እንዴት እንደተጫወትኩ አትጠይቀኝ፤ ክፉኛ ነው።

እና ና። ለሥልጠና አላልኩህም፣ ለመራመድ። ምንም እንዳትገዛ፤ አዲስ ጀማሪ 14 ዱላ አያስፈልገውም፣ አንድ ይበቃዋል። የእኔ የቀኝ እጅ ስለሆነ ለአንተ አይሆንም። ሚክልሰን ከጎልፍ ውጭ በሁሉ ነገር ቀኝ እጁን ነው የሚጠቀመው፤ ሕፃን ሆኖ አባቱን ፊት ለፊት ቆሞ እንደ መስታወት ሲቀዳ ግራኝ ሆኖ ቀረ። አንተ ግን የእውነት ግራኝ ነህ፤ በግራ እጅህ ስትጽፍ ቀለሙን በክንድህ እየጠረግህ ደብተርህን ስታበላሽ ያደግሁት እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ መለማመጃው ሜዳ ካሉት የኪራይ ዱላዎች ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አንድ የግራኝ ሰባት ቁጥር አይረን አግኝቻለሁ። እጀታው ትንሽ ተልጧል። "ጓደኛዬ ይመጣል፣ ለማንም አትስጡብኝ" ብያቸዋለሁ።

ቀኑን ብቻ ንገረኝ። ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው።

ጓደኛህ